«ሁሉም ጠፍቷል» ሲባል ምን ጠፋ? ስማርት ስልክን በጥንቃቄ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ስለ መመለስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የመካኒክስ ቤተ ሙከራ የሚውል አንድ ያገለገለ ስማርት ስልክ ገዝተን ነበር። በየስልኩ ውስጥ ያለው የፍጥነትን ለውጥ የሚለካ ረቂቅ መሣሪያ የፔንዱለምን ውዝዋዜ ለመመዝገብ ይበቃል። ሻጩ ስልኩን ሲያስረክበን «ፎርማት ተደርጓል፤ ውስጡ ምንም የለም» አለን፤ እኛም አመንን። የመለኪያ ውጤቶችን የምናስቀምጥበትን ቦታ ስንፈልግ ግን በስልኩ ውስጥ ከቀረችው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ የማናውቀው ቤተሰብ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎች፣ የአንድ መታወቂያ ምስልና የባንክ ደብተር ገጽ ተደርድረው አገኘናቸው። ካርዷን አውጥተን፣ ባለቤቱን ፈልጎ እንዲያደርስ ለሻጩ አደራ ሰጠነው።

ሻጩ ሆን ብሎ አልዋሸም። የቀድሞው ባለቤትም ፈጽሞ ቸልተኛ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ እንዲመለስ ታዟል፣ ትእዛዙንም ፈጽሟል። ችግሩ የመጣው «ጠፍቷል» የሚለው ቃል በሰውና በመሣሪያው ዘንድ አንድ ትርጉም ስለሌለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ልዩነት ለመመርመርና ስልክን ያለ ስጋት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚቻልበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ስልክን በጥንቃቄ ማጽዳት አንድ ትእዛዝ የመስጠት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማወቅ ጉዳይ ነው፤ ዕውቀቱም በጥገና ባለሙያዎች እጅ ብቻ መቅረት የለበትም።

እንደሚታወቀው በአገራችን ስልክ በቀላሉ አይጣልም። ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከተማ ካለ ልጅ ገጠር ወዳሉ ወላጆች ይተላለፋል፤ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሲመጣ ሲጠቀምበት የቆየውን ይዞ ይመጣል፤ የቀረውም በመርካቶና በየሰፈሩ ስልክ ቤት ይሸጣል፣ ይለወጣል። ይህ ልማድ የሚነቀፍ አይደለም። አንድ ስልክ ሦስትና አራት ሰው ማገልገሉ ለኪስም ለአካባቢም ይበጃል። ነገር ግን ስልኩ እጅ በለወጠ ቁጥር የቀድሞው ባለቤት ሕይወት አብሮ እጅ መለወጥ የለበትም።

ለመሆኑ ስልክ የሚያስታውሰው እንዴት ነው?

የስማርት ስልክ መረጃ የሚቀመጠው ፍላሽ ሜሞሪ በሚባል ቺፕ ውስጥ ነው። ይህን የማኅደረ ትውስታ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያበረከቱት በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። በቺፑ ውስጥ ባሉት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት በእያንዳንዳቸው፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ንብርብር ዙሪያዋን የታጠረች ደሴት አለች። ኤሌክትሮኖች ወደዚች ደሴት ከገቡ በኋላ በቀላሉ አይወጡም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢቋረጥም ለዓመታት እዚያው ይቆያሉ። የእነርሱ መብዛትና ማነስ ዜሮና አንድ ሆኖ ይነበባል።

ታዲያ አጥሩ ዝግ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ በየት ገቡ? የአጥሩ ውፍረት አሥር ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ 20 ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ በጥንቱ ፊዚክስ ሕግ ሊያልፉት የማይችሉትን ግንብ በኳንተም ሕግ ሾልከው ያልፉታል። ራልፍ ፋውለርና ሎታር ኖርድሃይም እ.ኤ.አ. በ1928 ከብረት ገጽ ስለሚፈልቁ ኤሌክትሮኖች የጻፉት ቀመር ዛሬ በየኪሳችን ይሠራል ማለት ነው። በብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ቺፖች ውስጥ የደሴቷን ቦታ ኤሌክትሮን የሚያጠምድ የሲሊከን ናይትራይድ ንብርብር ተክቶታል፤ መርሁ ግን አልተለወጠም። መረጃ በሐሳብ ዓለም የሚንሳፈፍ ነገር ሳይሆን ቦታ የያዙ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ስለዚህ መረጃን በእርግጥ መደምሰስ ማለት እነዚህን ኤሌክትሮኖች ከያዙት ቦታ ማስለቀቅ ነው።

ስልካችን ግን አንድን ፎቶግራፍ አጥፋ ስንለው ወዲያውኑ ይህን አያደርግም፤ ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው የሥራ ቅልጥፍና ነው። ስልኩ የሚሰርዘው ፎቶግራፉ የት እንደተቀመጠ የሚጠቁመውን መዝገብ ነው። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ካርድ ተቀዶ ቢጣል መጽሐፉ ከመደርደሪያው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ፎቶግራፉም አድራሻውን እንጂ ቦታውን አላጣም። ሁለተኛው ከፍላሽ ሜሞሪ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው። ፍላሽ ሜሞሪ የሚጻፈው በትንንሽ ገጾች ሲሆን የሚደመሰሰው ግን በርካታ ገጾችን በያዘ በትልቅ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ክፍልም ከተወሰኑ ሺህ ጊዜያት በላይ ተደምስሶ መጻፍን አይችልም። በዚህም የተነሣ ቺፑን የሚቆጣጠረው ክፍል ድካሙን ለሁሉም ያከፋፍላል፤ አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ያሰፍርና አሮጌውን ተራው እስኪደርስ እንዳለ ይተወዋል። በመሆኑም በአሮጌው ላይ አዲስ ጽፈን የሸፈንነው ሲመስለን፣ አሮጌው ሌላ ጥግ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሎራን ሲሞንና ሮስ አንደርሰን የአምስት አምራቾችን 21 ያገለገሉ የአንድሮይድ ስልኮች መርምረው ነበር። ስልኮቹ ከ2.3 እስከ 4.3 ባሉት የአንድሮይድ ስሪቶች የሚሠሩ ነበሩ። ወደ ፋብሪካ ቅንብር ከተመለሱ በኋላም ከስልኮቹ መልእክቶችን፣ ፎቶግራፎችን፣ አልፎም በብዙዎቹ ላይ የቀድሞውን ባለቤት የጉግል አካውንት ለመክፈት የሚያስችል የመግቢያ ምልክት ማውጣት ቻሉ። በግምታቸው መሠረት በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እስከ 500 ሚሊዮን የሚደርሱ ስልኮች የባለቤታቸውን መረጃ በሚገባ የማያጸዱ ነበሩ።

መጽሐፉን ትቶ ቁልፉን ማቅለጥ

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ማስለቀቅ አስቸጋሪ ከሆነ፣ መረጃውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንም በማያነበው የምስጢር ጽሕፈት ብንጽፈውስ? ኢንክሪፕሽን ወይም ምስጠራ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ዘዴ ስልኩ እያንዳንዱን ፎቶግራፍና መልእክት በአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ለውጦ ያስቀምጣል። ወደ ፋብሪካ ቅንብር ተመለስ ሲባል ቁልፉን ያጠፋል። በቺፑ ላይ የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ትርጉም የለሽ የዜሮና የአንድ ክምር ነው።

የቁልፉ ጥንካሬ በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። በሰፊው የሚሠራበት ቁልፍ 256 ዜሮዎችና አንዶች የተደረደሩበት ነው። ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 78 አኃዞች ያሉት ቁጥር ይሆናል። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ቁልፍ የሚሞክር መሣሪያ ቢኖረን፣ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ በዓመት ሲቆጠር 58 አኃዞች አሉት። የጽንፈ ዓለም ዕድሜ ግን 13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ ማለትም 11 አኃዞች ያሉት ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በእርግጥ ከጠፋ መረጃው ጠፋ ብንል ስሕተት አይሆንም።

አይፎን ከ2009 ሞዴሉ ጀምሮ ይህን ምስጠራ በሃርድዌሩ ይዟል። በአንድሮይድ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስሪት 6.0 በቂ አቅም ባላቸው አዳዲስ ስልኮች ላይ ምስጠራን ግዴታ አደረገ፤ በ2019 የወጣው ስሪት 10 ደግሞ በአዳዲስ ስልኮች ሁሉ ላይ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በእነዚህ ዓመታት መካከል የተሠሩ ርካሽ ስልኮች ከግዴታው ውጭ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በየቤታችን ያሉት አሮጌ ስልኮች ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ቅደም ተከተሉ

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

አንደኛ፣ የሚፈለገውን ማዳን። አንድ የመመረቂያ ሥራውን ይሠራ የነበረ ተማሪያችን የሁለት ወር የሙከራ ንባቦቹን በፎቶግራፍ አንሥቶ በስልኩ ብቻ ይዞ ነበር። ስልኩ ቢዘገይበት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው፤ «ፎርማት» አድርገው ፈጣን ስልክ መለሱለት፤ ንባቦቹ ግን የሉም። ያን ክረምት ሙከራውን እንደገና ሲሠራ ከረመ። እንግዲህ ምስጠራ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ ሌባ እንደማያነበው ባለቤቱም አያነበውም። ስለዚህ ፎቶግራፎችን፣ ስልክ ቁጥሮችንና ሰነዶችን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ አካውንት መገልበጥ፣ ከዚያም የተገለበጠው በእርግጥ መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል። ዋትስአፕ የራሱ የመጠባበቂያ ቅጂ አለው፤ የቴሌግራም ተራ መልእክቶች በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ሲቀመጡ ምስጢራዊ ንግግሮቹ ግን ከስልኩ ጋር ይጠፋሉ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎችም በአዲሱ ስልክ ላይ መሥራታቸው ሳይረጋገጥ አሮጌው ስልክ መነካት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ከአካውንት መውጣት። ሌብነትን ለመከላከል ሲባል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አይፎን፣ ከ2015 ጀምሮም አንድሮይድ ስልኮች ከተደመሰሱ በኋላ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ሊጠይቁ ይችላሉ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ስልኩን ለእናቱ ሰጥቶ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ስልኩ «የቀድሞውን አካውንት አስገባ» ብሎ ድርቅ ሲል የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድሮይድ የጉግልን አካውንት ከስልኩ ማንሣት፣ በአይፎን ደግሞ ስልኩን የሚፈልገውን አገልግሎት ዘግቶ ከአካውንቱ መውጣት ችግሩን አስቀድሞ ይፈታዋል።

ሦስተኛ፣ ምስጠራውን ማረጋገጥ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ደኅንነትን በሚመለከተው ክፍል ስልኩ መመስጠሩ ተጽፎ ይገኛል። ካልተመሰጠረ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀሉበት ረጅም የይለፍ ቃል ሰጥቶ፣ ቻርጀር ሰክቶ ማመስጠር፤ ሥራው ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል መታገሥ ይገባል። በአሮጌ ስልክ ይህን እርምጃ መዝለል የ2015ቱን ጥናት ውጤት በራስ ላይ መድገም ነው።

አራተኛ፣ ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ ማውጣት። ሚሞሪ ካርድ በአብዛኛው አይመሰጠርም፤ ስልኩ ሲጸዳም አብሮ አይጸዳም። የመግቢያችን ታሪክ ምንጩ ይህ ነበር።

አምስተኛ፣ ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ ከሴቲንግ ውስጥ መደምሰስ፤ ስልኩ እንደገና ሲነሣም ቋንቋ እንድንመርጥ በመጠየቅ መጀመሩን፣ የቀድሞ አካውንት አለመጠየቁን አይቶ እዚያው ላይ ማጥፋት።

በነገራችን ላይ «ፋብሪካ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ስልኩ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን አይሆንም። የተሻሻለው የአንድሮይድ ስሪት እንዳለ ይቆያል፤ የባትሪውና የሕዋሳቱ ድካምም አይታደስም። ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው የተጠቃሚው ክፍል ብቻ ነው።

«እኛ ምን ምስጢር አለን?»

ይህን ጉዳይ ለተማሪዎቻችን ስናነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠን መልስ ይህ ነው። ነገር ግን በስልካችን ውስጥ ያለው የእኛ ብቻ አይደለም። የጓደኛችን የምስጢር ጭንቀት፣ የእኅታችን ፎቶግራፍ፣ የአጎታችን የሐኪም ወረቀት በውስጡ አለ። እነርሱ ስልኩን አልሸጡም፤ እኛን አምነው ላኩልን እንጂ። በቃልም በጽሑፍም የተሰጠ አደራ አደራ ነው፤ ስልኩ ቢያረጅም አደራው አያረጅም። አንዲት ወጣት ፎቶግራፏ በማታውቀው ሰው እጅ ገብቶ መጠየቂያና ማስፈራሪያ ሲሆን ጥፋቱ የጀመረው «ምን ምስጢር አለን» ካለ ሰው ቸልተኝነት ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ፈርተው ስልካቸውን በመሳቢያ የሚቆልፉ፣ አልፎም በመዶሻ የሚቀጠቅጡ አሉ። ይህንንም አንደግፍም። የተመሰጠረ ስልክ በቅደም ተከተሉ ከጸዳ ያለ ስጋት ሌላ ሰው ሊያገለግል ይችላል፤ የሊቲየም ባትሪን መቀጥቀጥ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ፍርሃትም ቸልተኝነትም የሚመነጩት ካለማወቅ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። በመጀመሪያ በቤታቸው መሳቢያ የተኛውን አሮጌ ስልክ አውጥተው ከላይ የተጠቀሱትን አምስት እርምጃዎች ራሳቸው ይሞክሩ። ቀጥሎም ይህንኑ ለወላጆቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና በሰፈራቸው ላለው ስልክ ጠጋኝ ያሳዩ። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባትም አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመድቡለት የኳንተም ፊዚክስን፣ የቁጥርን ኃይልና የአደራን ትርጉም በአንድ ላይ ያስተምሩበታል። «ሁሉም ጠፍቷል» ብለን ስልኩን ስናስረክብ፣ ቃላችን እውነት መሆኑን ራሳችን አውቀን እንናገር።