ፕሪንተሩ የማን ነው?

ንብረት ገዝቶ ባለቤት አለመሆን ይቻላል ወይ? ሕግ ስንማር የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፤ አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1204 ባለቤትነትን በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ያደርገዋል። ይህም መብት በሕግ መሠረት ካልሆነ በስተቀር ሊከፋፈልም ሊገደብም እንደማይችል ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በየቢሮአችን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የቀለም ፕሪንተር ይህን ድንጋጌ እየተፈታተነው ይገኛል። የሚፈታተነውም በጠበቃ ክርክር ሳይሆን ከጥፍር በማትበልጥ ቺፕ ነው።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባን ስለ መብታችን ብንከራከር ክርክሩ ውኃ አያነሳም። በ1880 (ከአገራችን ሕግ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዣክ እና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። ግልባጩም እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ይህ ባሕርይ ፒዬዞኤሌክትሪክ ይባላል። የጃፓኑ ኤፕሰን በ1993 ለገበያ ባቀረበው ፕሪንተር የተጠቀመው በዚሁ ነው። ካነን እና ኤችፒ በአብዛኛው ቀለሙን በማሞቅ ሲረጩ፣ የኤፕሰን ማሽን ግን ቀለም የያዘች ጠባብ ክፍልን ግድግዳ በኤሌክትሪክ አጉብጦ፣ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ይገፋል።

ችግሩ የሚመጣው ቀዳዳዎቹ ሲበዙ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ጥቂት ደርዘን ቢሆኑ ለእያንዳንዳቸው ሽቦ መዘርጋት ይቻላል፤ መቶዎችና ሺዎች ሲሆኑ ግን ወዲያ ወዲህ በሚመላለስ የማተሚያ ሄድ ላይ ያን ሁሉ ሽቦ መጎተት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መቆጣጠሪያውን ወደ ሄዱ አመጡት። ዋናው ቦርድ ለሁሉም አንድ የጋራ የቮልቴጅ ሞገድ ይልካል፤ ሄዱ ላይ ያለው ቺፕ ደግሞ ለየትኛው ቀዳዳ በሩ እንደሚከፈት ይወስናል። ሞገዱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በማይክሮ ሴኮንዶች ውስጥ ቀለሙን መሳብ፣ መግፋት፣ ከዚያም የተረፈውን መናወጥ ማብረድ አለበት። ቀለሙ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ቮልቴጁ እንደ ሙቀቱ መስተካከል ይኖርበታል።

እንግዲህ ሄዱና ኤሌክትሮኒክሱ መጋባታቸው የምሕንድስና ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ዋጋው ግን አለ። አንዱ ሲሞት ሌላውም አብሮ ይጣላል፤ በርካሽ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሄድ ከመቀየር አዲስ መግዛት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ቅሬታዬ በሁለተኛው ዓይነት ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው። ይኸውም በቀለም ካርትሪጅ ላይ የምትለጠፈዋ ቺፕና በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ቆጣሪ ናቸው። አምራቾች ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ከፊሉ እውነት ነው። በፒዬዞ ማሽን ቀለሙ ሲያልቅ ሄዱ አብሮ አይጣልም። ቀለሙ ሙልጭ ብሎ አየር ከገባ የክሪስታሉን ግፊት አየሩ ይውጠዋል፤ ጠብታ አይወጣም። ስለዚህ ቀለም ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ማስቆም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቺፗ «ስንት ቀለም ቀረ?» ከማለት አልፋ «ማን ነው የሠራህ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ጥያቄው የክሪስታል መሆኑ ቀርቶ የገበያ ሆኗል። ትርፍ ቀለም የሚመጠው ስፖንጅ ሞልቷል ብሎ ማሽኑን የሚያቆመው ቆጣሪም እንዲሁ ነው። ቀለም እንዳይፈስ መጠበቁ መልካም፤ ግን ስፖንጁን ለውጦ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የመመለስ ሥልጣን የማን ነው?

ፍርድ ቤቶች ይህን ጥያቄ በሌዘር ፕሪንተር በኩል ተጋፍጠውታል፤ መርሁ ግን አንድ ነው። በ2004 ሌክስማርክ ቺፑን አስመስሎ የሠራውን ስታቲክ ኮንትሮልን በቅጂ መብት ከስሶ ያገኘውን እገዳ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሻረበት። በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አምራቹ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በኋላ በዚያ ዕቃ ላይ ያለው የፓተንት መብት ያበቃል ሲል ወሰነ። ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ፍርዱ አምራቹን ቺፑን አንሳ አላለውም። መብቱ በወረቀት ላይ ለገዢው ተመለሰ፤ ቁልፉ ግን አሁንም በሻጩ እጅ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄደች። ፈረንሳይ በ2015 ባወጣችው ሕግ የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን እስከ 2 ዓመት እስራትና 300,000 ዩሮ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገችው፤ በ2017 የሸማቾች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ በኤፕሰን ላይ ምርመራ ተከፈተ። ምርመራ ጥፋተኝነት አለመሆኑን ልብ ይሏል። ጣሊያን ደግሞ በ2020 ኤችፒን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች። ከጥፋቶቹ ዋነኛው ፕሪንተሮቹ የሌሎች አምራቾችን ካርትሪጅ እንደሚከለክሉ ለገዢው በግልጽ አለመንገሩ ነበር።

ከፍርድ ቤት ይልቅ ፈጥኖ የፈረደው ግን ገበያው ነው። በኢንዶኔዥያ ሰዎች በገዛ እጃቸው የቀለም ታንክ በጎን እየገጠሙ ሲያስቸግሩ፣ ኤፕሰን በ2010 በዚያው አገር ከጠርሙስ የሚሞላ ባለ ታንክ ፕሪንተር ራሱ ይሸጥ ጀመር። ክሪስታሉም ሄዱም ያው ናቸው። አይቻልም ሲባል የኖረው ነገር ተቻለ።

ለእኛስ? በእኔ እምነት ሕጋችን በአንቀጽ 1204 ያስቀመጠው መርህ በቂ ነው፤ የጎደለው ጠያቂ ነው። መሥሪያ ቤቶች የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ ከዋጋው ጎን ሦስት ጥያቄዎች ይጨምሩ። ሄዱ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ማሽኑ የሌላ አምራች ቀለም ይቀበላል ወይ? ቆጣሪው ሲሞላ እኛው እንመልሰዋለን ወይስ እናንተን እንለምናለን? መልሱ በውል ላይ ይስፈር።

ቺፗ ለክሪስታሉ ስትሠራ እናመስግናት። ለሻጩ ስትሠራ ግን ቢያንስ ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት ይነገረን።