የጋራዡ ሁለት ሰዓቶች

«ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውዬ ቼኬ ምነው እንዲህ አነሰ?» የሚለው እሮሮ በአሜሪካ በመኪና ጥገና ሙያ ከተሰማሩ ወገኖች አፍ አይጠፋም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ «ፍላት ሬት» የሚባለው የአከፋፈል ዘዴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በመጽሐፍ ወይም በኮምፒውተር የተተመነለት ሰዓት አለ። የፍሬን ሸራ መቀየር 1 ሰዓት ተኩል ተብሎ ከተተመነ፣ ደንበኛው የእጅ ዋጋ የሚከፍለው በዚያው ልክ ነው፤ ለመካኒኩም የሚታሰበው ያው ነው። በ1 ሰዓት ቢጨርስ ይጠቀማል። ብሎኑ ዝጎ 3 ሰዓት ቢፈጅበት ግን የሚያገኘው የ1 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። መለዋወጫ ሲጠብቅና ወለል ሲጠርግ ያለፈው ጊዜ በአብዛኛው ከቁጥር አይገባም።

ሕጉ ግን በዚህ አይስማማም። ከ1938 ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል የሥራ ሕግ የሚቆጥረው የመጽሐፉን ሳይሆን የግድግዳውን ሰዓት ነው። ጋራዡ ውስጥ እንዲቆይ የታዘዘ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ሥራ ቢጠብቅም በሥራ ላይ ነው። ለምሳሌ ለአንድ የመጽሐፍ ሰዓት 20 ዶላር የሚታሰብለት መካኒክ 40 ሰዓት ውሎ 12 ብቻ ቢቆጠርለት፣ ክፍያው 240 ዶላር ይሆናል። ለ40 ሲካፈል 6 ዶላር ነው። ከ2009 ወዲህ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስለሆነ አሠሪው ቢያንስ 50 ዶላር መጨመር አለበት። ብዙ ስቴቶች ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ ዝቅተኛ ክፍያ ደንግገዋል።

የኦቨርታይሙ ጉዳይ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። በፌዴራሉ ሕግ በመኪና ዲለሮች የሚሠሩ መካኒኮች ይህ መብት የላቸውም። በሌላ ጋራዥም ገቢው ከግማሽ በላይ በኮሚሽን የሆነና በሰዓት ሲታሰብ ከዝቅተኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ የሚያገኝ ሊቀርበት ይችላል። ሌላው ከ40 በላይ ለሠራው እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይገባዋል። «ኮንትራክተር ነህ» መባሉ ብቻውን መብቱን አያስቀርም። የመኖሪያ ወረቀት አለመኖርም ለሠራው ሥራ ከመከፈል አያግድም።

ለጋራዡ ባለቤትም ሁለቱን ሰዓቶች ለየብቻ መመዝገብ ጥቅሙ ለራሱ ነው። መካኒኩ 40 ሰዓት ውሎ ለደንበኛ የተሸጠው 24 ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 16 ሰዓት የት እንደገባ የሚያሳየው መዝገቡ ነው። መለዋወጫ እየዘገየ ይሆናል፤ ለሥራው የተጠየቀው ዋጋ አንሶም ይሆናል። ይህን ሳያይ መካኒኩን «ሰነፍ» ማለት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። ሕጉም አሠሪው የደመወዝ መዝገቡን 3 ዓመት፣ የሰዓት ካርዱን 2 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። መካኒኩ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ የሠራውን መኪናና የተቆጠረለትን ሰዓት በየዕለቱ በገዛ ደብተሩ ቢጽፍ ክርክር በመጣ ጊዜ ምስክሩ እጁ ላይ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ያልተከፈለ ገንዘብ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ፣ አሠሪው ሆን ብሎ ከጣሰ ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጮኹ ሰሚ የለም። የፌዴራሉ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 ጥያቄ ይቀበላል።