ከምርመራው በፊት መንገዱ፦ የፕሮስቴት ካንሰር በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

በኢትዮጵያ ስለ ካንሰር በሚመከርባቸው መድረኮች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀድመው ይነሣሉ። ይህም ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ብዙ እናቶችን ይቀጥፋሉ፤ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባትም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለልጃገረዶች ይሰጣል። የወንዶቹ የፕሮስቴት ካንሰር ግን ከመድረኩም ከጎጆውም በዝምታ ያልፋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በ2020 በዓለም 1.4 ሚሊዮን የነበረው የአዲስ ሕሙማን ቁጥር በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚያድግ ገምቷል። የጭማሪው ዋና ምክንያት የዕድሜ መርዘም ስለሆነ ሸክሙ ይበልጥ የሚከብደው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ላይ ነው። ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር በጀመረበት አገር ሁሉ ይህ በሽታ መምጣቱ አይቀርም።

በዚህ ስጋት ፊት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መልስ «ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ ወንድ ሁሉ ይመርመር» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። እንደ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላና መሐል ሳይንት ላሉ ወረዳዎች የደም ምርመራ ዘመቻ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም። ከምርመራው በኋላ የሚመጣው መንገድ ሳይጠረግ ምርመራውን ማብዛት ፍርሃትንና ወጪን ማብዛት ነው። መቅደም ያለበት አደገኛ ምልክቶችን በጊዜ የሚያውቅ ጤና ጣቢያ፣ ናሙናን የሚያደርስ ሥርዓት፣ ለሕመምተኛው እውነቱን የሚነግር ሐኪምና ሥቃይን የሚያስታግስ መድኃኒት ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል

በደጋው ገበሬ ዘንድ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ የሽንት መቆራረጥና መቅጠን የእርጅና ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በአብዛኛው ይህ ግምት ስሕተት አይደለም። ዕጢው በዕድሜ ሲገዝፍ የሚፈጠረው ችግር ከካንሰር ይልቅ እጅግ የተለመደ ነው፤ በመነሻው ላይ ያለ የፕሮስቴት ካንሰርም ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። አደጋው ያለው «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ለሚከተለውም ሕመም ሁሉ መልስ ሲሆን ነው። የማይለቅ የወገብና የዳሌ ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት ሽንት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የእግር መዛልና መደንዘዝ ከእርጅና ጋር ተደባልቀው ሲታለፉ በሽታው ወደ አጥንት ዘልቆ ኅብለ ሰረሰርን እስኪጫን ድረስ ጊዜ ያገኛል። እግሩ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከሰነፈ በኋላ ሕክምና ያገኘ ሰው ተመልሶ የመራመድ ዕድሉ ጠባብ ነው። በዚህ ደረጃ ልዩነት የሚፈጥሩት ሰዓታትና ቀናት ናቸው።

የጤና ሥርዓቱ አደረጃጀትም ለዝምታው ድርሻ አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት በመቀነስ ረገድ ከፍ ያለ ውጤት አስመዝግቧል። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፤ የቤት ለቤት ጉብኝታቸውም የሚያተኩረው በእናትና በልጅ ላይ ነው። የሰባ ዓመት አዛውንት ለልጅ ልጁ እኩያ ስለ ሽንቱና ስለ ወንድነቱ እንዲያወራ መጠበቅ የወሎን ይሉኝታ አለማወቅ ነው። ስለዚህ በየቀበሌው የጤና በር ተከፍቶ ሳለ አዛውንቱ የሚገባበት በር የለም። ያለው ምርጫ ጠበል፣ ዱዓ፣ ሥራ ሥር ወይም ዝምታ ይሆናል።

የደም ምርመራው ቁጥር ምን ይናገራል?

ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ በፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭን ፕሮቲን ይለካል። ፕሮቲኑ ከካንሰር የሚመነጨውን ያህል ከጤነኛው ዕጢም ይመነጫል። ዕጢው በዕድሜ ሲገዝፍ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲኖር ወይም ካቴተር ሲገባ ቁጥሩ ይወጣል። ሽንት አልወጣ ብሎት ካቴተር የገባለት ሰው በዚያው ቀን ደም ቢሰጥ ውጤቱ ቤተሰቡን ለከንቱ ድንጋጤ ሊዳርግ ይችላል፤ ተገቢው ነገር ጥቂት ሳምንታት ጠብቆ መድገም ነው። በሌላ በኩል ቁጥሩ በመቶዎች ሲቆጠርና የአጥንት ሕመም ሲጨመርበት ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይቀርባል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ መስክ በጣት በሚደረግ ምርመራ፣ በምስልና በመጨረሻም ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና ካልሆነ አይለይም።

የሌላው ዓለም ልምድም ጥንቃቄን ያስተምራል። በአሜሪካ ምርመራው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስፋት ተሰጠ፤ በሕይወት ዘመናቸው ጉዳት የማያደርስ ካንሰር የነበራቸው ብዙ ወንዶች ቀዶ ሕክምናና ጨረር ወስደው ሽንት መቆጣጠር አለመቻልና የወሲብ ድክመት ተረፋቸው። የሀገሪቱ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. ምርመራው በጅምላ እንዳይሰጥ መከረ፤ በ2018 ደግሞ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ጥቅምና ጉዳቱን ተረድተው በግል ይወስኑ አለ። በአውሮፓ የተካሄደው ታላቅ ጥናት በበኩሉ ምርመራው በበሽታው የሚደርስን ሞት ወደ 20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የተገኘው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም ናሙና፣ ክትትልና ሕክምና በተሟላበት አገር ነው።

የጅምላ ምርመራ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፦ የአሜሪካ ችግር ከልክ ያለፈ ምርመራ ሲሆን የመካነ ሰላም ችግር ግን ምርመራ ማጣት ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የደሴ ሆስፒታል ራሱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጦርነቱ ተዘርፎ እንደገና የቆመ ተቋም ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞች መጀመሩ ተስፋ ቢሆንም ለወሎ ደጋ ሰው ሁሉም ሩቅ ናቸው። በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም። በአንድ ዘመቻ ከፍ ያለ ቁጥር የተነገረው መቶ ሰው ናሙና የሚወስድለት ካላገኘ የተሰጠው ጭንቀት እንጂ ሕክምና አይደለም።

ምርጫው አንድ ብቻ አይደለም

ስለዚህ በሽታ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ይነገራሉ። አንደኛው ካንሰር ከተባለ ሞት ደርሷል የሚለው ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ2001 እ.ኤ.አ. የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸው የጨረር ሕክምና ከወሰዱ በኋላ እስከ 2013 ድረስ ኖረዋል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሕመማቸው በ1997 ታውቆ በ90 ዓመታቸው በ2021 ዐርፈዋል፤ ሁለቱም ሕመማቸውን ከሕዝብ አልሸሸጉም። ሁለተኛው እምነት ካንሰር ከተገኘ በሬም መሬትም ሸጦ ወዲያውኑ ማውጣት ያስፈልጋል የሚለው ነው። በብሪታንያ በ1,643 ወንዶች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ በ2023 የታተመው ጥናት ከዕጢው ባልወጣ ካንሰር የተያዙትን በክትትል፣ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ቡድን ከፍሎ ለ15 ዓመት ተከታተላቸው። በሦስቱም ቡድን በበሽታው የሞተው ከመቶ ሦስት ያህል ነበር። በክትትል ከቆዩት መካከል በሽታው የተሠራጨባቸው በርከት ማለታቸውና ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ኋላ ሕክምና መውሰዳቸው አይዘነጋም፤ ቢሆንም ዝግተኛ ካንሰር ያለበት አዛውንት ለማሰብ ጊዜ እንዳለው ጥናቱ ያስረዳል።

ለደጋው ነዋሪ ግን የበለጠ አንገብጋቢው ጥያቄ ዘግይቶ የተገኘው በሽታ ነው። ቻርለስ ሀጊንስ በ1941 እ.ኤ.አ. ካንሰሩ በወንድ ሆርሞን እንደሚመገብና ሆርሞኑ ሲቋረጥ እንደሚሟሽሽ አሳየ፤ ለዚህም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሆርሞኑን ለማቋረጥ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ ነው። ሌላው የዘር ፍሬዎችን የሚያወጣ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሲሆን አካባቢውን ብቻ በማደንዘዝ ሊሠራ ይችላል። በሽታውን በማስታገስ ረገድ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። መርፌው ግን በየጊዜው ገንዘብና መንገድ ይጠይቃል፤ ሲጀመር ሆርሞኑን ለአጭር ጊዜ ከፍ ስለሚያደርግ ኅብለ ሰረሰሩ ለተጫነበት ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። ቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ተደርጎ ሆርሞኑን በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል፤ የሚወስደው ግን ተመልሶ አይመጣም። የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድንገተኛ ሙቀትና የአጥንት መሳሳት በሁለቱም ይከተላሉ።

ይህ ቀዶ ሕክምና እንደ ድሃ ሕክምና ተንቆ ሲሸሸግ ወይም ሕመምተኛው ትርጉሙን ሳይረዳ ሲፈጸም ጉዳቱ አንድ ነው። የሃይማኖት አባቶች እዚህ ላይ የሚረዱበት እውቀት አላቸው። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ የመጀመሪያው ቀኖና ራሱን ያለ ምክንያት የሰለበን ከክህነት ሲያግድ በሕመም ምክንያት በሐኪም እጅ ይህ የተደረገበትን ግን በክህነቱ እንዲጸና ይፈቅዳል። በእስልምና ሕግም ግድ የሆነ ችግር የተከለከለውን እንደሚፈቅድ የታወቀ መርሕ ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት ወሎ አንድ ቄስና አንድ ሼህ በግልጽ የሚናገሩት ቃል ከብዙ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

ያልተነገረው ሰው አይመርጥም

ክፉ ዜና ሲመጣ ሐኪሙ ለልጆች ወይም ለወንድም መንገሩ፣ ቤተሰቡም «ለሽማግሌው አይነገር፤ ይሰበራል» ብሎ መለመኑ በሀገሪቱ የተለመደ ነው። ከፍቅር የሚመነጭ ነው። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘሩት ምርጫዎች በሙሉ የሕመምተኛውን ፈቃድ የሚሹ ናቸው፤ ምን እንደያዘው ያልተነገረው ሰው ወንድነቱን የሚነካ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም። ሽማግሌው በእርቅ ማዕድ የሌላውን ነገር ሰምቶ የሚፈርድ፣ ስለ መሬቱና ስለ ውርሱ ራሱ የሚወስን ሰው ነው። ስለ ገዛ ሥጋው ሲሆን እንደ ሕፃን የሚታይበት ምክንያት የለም። እውነቱ ልጁ ወይም የቅርብ ሰው ባለበት፣ በለሰለሰ ቃልና ከተስፋው ጋር ተያይዞ ሊነገር ይችላል። ካልተነገረው ደግሞ ልጆቹ በሬውን ሸጠው አዲስ አበባ ድረስ ከወሰዱት በኋላ፣ ሕክምናው እዚያው ደሴ ሊሆን ይችል እንደነበር የሚረዱበት ቀን ይመጣል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለየጤና ጣቢያው አጭር የአደገኛ ምልክቶች ዝርዝር ይሰጥ፤ የአጥንት ሕመም ያለበትና እግሩ የዛለ አዛውንት እንደ ድንገተኛ ሕመምተኛ ተቆጥሮ በዚያው ቀን ይላክ። ከዝርዝሩ ጋር ለአዛውንት ወንዶች የተመቸ፣ ወንድ ባለሙያ የሚገኝበት የተወሰነ ቀን ቢኖር ዝምታው ይሰበራል። የፒ.ኤስ.ኤ. ምርመራ ምልክት ላለበት፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በበሽታው ለተያዘበትና ጥቅምና ጉዳቱን ተረድቶ ለሚጠይቅ ሰው ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ ከሕመምተኛው በፊት ናሙናው ይጓዝ። ናሙና መውሰድን የሠለጠነ ሐኪም በመካነ ሰላም ቢሠራውና ናሙናው በተደራጀ መንገድ ወደ ደሴ ቢላክ አንድ ቤተሰብ የጉዞና የአልጋ ወጪ ይተርፈዋል።

ሦስተኛ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሪፈራሉን ሰንሰለት ይከተል። መድኑ በ2011 እ.ኤ.አ. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ዞኑ በጉዳዩ የቆየ ልምድ አለው። አባሉ ከወረዳው ወጥቶ ናሙና፣ የሆርሞን ሕክምናና የሥቃይ ማስታገሻ ሲፈልግ መዋጮው የማይደርስለት ከሆነ መድንነቱ ጎዶሎ ነው።

አራተኛ፣ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ከዞኑ ሆስፒታሎች አይጥፋ። ወደ አጥንት የዘለቀ ካንሰር የሚያመጣው ሥቃይ በተራ ማስታገሻ አይመለስም፤ መዳን ያልቻለ ሰው ያለ ሥቃይ መሰናበት መብቱ ነው።

አምስተኛው ለተመራማሪዎች የሚቀር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ስለ ከተማዋ ብዙ አስተምሯል፤ ስለ ደጋው ገበሬ ግን ሊናገር አይችልም። ወሎ ዩኒቨርሲቲና በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከአካባቢው ሆስፒታሎች ጋር ቀላል መዝገብ ቢጀምሩ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ የመጀመሪያ ምልክት፣ ለመምጣት የወሰደበት ጊዜና የደረሰበት የበሽታ ደረጃ ይታወቃል። አዛውንቶች ሕመማቸውን በምን ቃል እንደሚናገሩ የሚጠይቅ የማስተርስ ጥናትም ከላቦራቶሪው ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ባለሙያው ቃላቸውን ካላወቀ ምልክታቸውን አይሰማምና። መዝገቡ ሲሞላ፣ ናሙናው ሲጓዝና መድኑ ሲከፍል የጅምላ ምርመራ ጥያቄ እንደገና ሊነሣ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ መልሱ የተለየ ሊሆን ይችላል።