ዕውሩ አንድ ሰው ብቻ ነውን?

በዚህ ሰሞን ከተማሪ ወደ ተማሪ ስለሚዘዋወረው ስለ ኡምቤርቶ ኤኮ «የጽጌረዳ ስም» ሁለት ዓይነት ፍርድ እሰማለሁ። አንዱ ወገን «ሃይማኖትን ያዋርዳል፤ ከመደርደሪያ ይውረድ» ይላል። ሌላው «ማመን ዕውርነት መሆኑን ያስረዳል» ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም በሚገባ አላነበቡትም ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኤኮ መጽሐፉን በኢጣልያንኛ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ነው። ታሪኩ በ1327 በሰሜን ኢጣልያ በአንድ ገዳም ይፈጸማል። በሰባት ቀን ውስጥ መነኮሳት በየተራ ይሞታሉ። ምስጢሩን የሚመረምረው እንግሊዛዊው ዊልያም ራሱ የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኵሴ ነው፤ ያምናል፤ ይጠይቃልም። አጨብጫቢዎቹ ይህን ለምን እንደሚዘነጉት አይገባኝም።

(መጽሐፉን ገና ያልጨረሳችሁ ከዚህ በታች ያለውን አታንብቡ።) የጥፋቱ ምንጭ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ሆርሄ ነው። ሣቅ የእግዚአብሔርን ፍርሃት ያጠፋል ብሎ ስለሚያምን፣ አርስጣጣሊስ ስለ ኮሜዲ የጻፈውን መጽሐፍ ማንም እንዳያነበው መርዝ ይቀባዋል። ጣቱን በምራቁ እያራሰ የሚገልጥ ሁሉ ይሞታል። በመጨረሻም ገጾቹን ቀዶ ይበላቸዋል፤ በግርግሩ መብራት ወድቆ ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ፣ ቅዱሳት መጻሕፍቱም ሳይቀሩ ይነዳሉ። መጽሐፍ ይውረድ የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ምዕራፍ ደጋግመው ቢያዩት መልካም ነው።

ይህ ግን ሰሙ ነው። ወርቁ ያለው በመርማሪው ዘንድ ነው። ዊልያም ሞቶቹ በዮሐንስ ራእይ መለከቶች ተራ የሚሄዱ መስሎት ያንኑ ሲከተል ይሰነብታል፤ በረዶው፣ ደሙ፣ ውኃው ሁሉ ይገጥምለታል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ግን ከቶ አልነበረም። የመጀመሪያው ሟች ራሱን ከከፍታ የወረወረ ነው። ዊልያም ሆርሄ ዘንድ የደረሰው በተሳሳተ መንገድ፣ በአጋጣሚ ነው። ይባስ ብሎ ሆርሄም ስለ መለከቶቹ የሚወራውን ሰምቶ የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው ብሎ አመነ፤ የሰው ደም በእጁ እንደሌለም ቈጠረ።

እንግዲህ በየስብሰባችን የሚሆነውን እንመልከት። አንዱ የዓለምን ታሪክ ሁሉ የሚፈታ ንድፈ ሐሳብ ይዞ ይነሣል፤ የገጠመለትን እየቈጠረ ይናገራል፤ እኛም እናጨበጭባለን። «የማይገጥመውን ምን አደረግኸው?» ብሎ የጠየቀ ፈሪ ይባላል። ይህ ልማድ ከሆርሄ በምን ይለያል? የሚናገሩት ስለ ፈጣሪ ሳይሆን ስለ ሳይንስ ነውና አይመለከተንም የሚሉኝ ካሉ፣ ዊልያምም የታመነው በጥበቡ ነበር እላቸዋለሁ።

የኅብረቱ የሥነ ጽሑፍ ክፍል በመጽሐፉ ላይ ክርክር ቢያዘጋጅ ደስ ይለኛል። ተከራካሪዎቹ ግን አስቀድመው እስከ መጨረሻው ገጽ ያንብቡት።