ውኃው ቢሸት ማንን እንክሰስ?

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ቤተሰብ ጤና የሚጠቅመውን እንደ አቅማችን ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ በመንገድ ላይ ስለሚሸት ውኃ እንጽፋለን። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ በዚሁ ምክንያት እኛ ራሳችን ያልበደለውን ለመክሰስ ብዕር አንሥተን፣ ያላጠፋ ሽማግሌም አሳዝነን ነበርና፣ ስሕተታችንን ሳንሸሽግ ብንናገር ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለን አሰብን።

ባለፈው ታኅሣሥ ወር ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋራ የባሌን ደጋ ለማየት ተነሣን። አንድ ወዳጃችን ፈረንጆች ካምፐር የሚሉትን፣ መኝታና ማድቤት በውስጡ የተሠራለትን መኪና አዋሰን። ይህ መኪና 100 ሊትር ውኃ የሚይዝ ታንከር፣ ውኃውን የሚገፋ ፓምፕ፣ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ አንዱ ለሙቅ የሆኑ ሁለት ቧንቧዎችም አሉት። ወዳጃችን ቍልፉን ሲሰጠን መኪናው ክረምቱን ሙሉ ከነውኃው በግቢ ቆሞ እንደ ከረመ ነግሮን ነበር። እኛ ግን ነገሩን በጆሮአችን እንጂ በልባችን አልሰማነውም።

በአሰላ በኩል አድርገን ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ደረስን። በዚያም ከአንድ ምንጭ ውኃ ቀድተን ታንከሩን ሞላን፤ ለመጠባበቂያም ይሁን ብለን አንድ አዲስ ጀሪካን ከዚያው ምንጭ ቀዳን። ማታ ሲሆን የአገሩ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ማገዶ አስይዘው ሊጠይቁን መጡ። ባለቤታችን ቡና ለማፍላት ቧንቧውን ብትከፍት የተበላሸ እንቍላል የሚመስል ሽታ መኪናውን ሞላው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሮጡ፤ ቡናውም ሳይፈላ ቀረ። እኛም በዚያ ብስጭት፣ «አባታችን፣ የአገራችሁ ውኃ እንዲህ የሚሸት መሆኑን ማን ነግሮን!» አልናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ልጆቼ ያደጉበት ውኃ ነው» ብለው ደኅና እደሩ ብለውን ሄዱ።

ያን ሌሊት በመብራት ተቀምጠን አቤቱታ ጻፍን። በፍርድ ቤት ጸሓፊነት የኖረ ሰው እጁ ለክስ አይሰንፍምና፣ ምንጩ የተበላሸ መሆኑን፣ የሕዝቡም ጤና በአደጋ ላይ መሆኑን ዘርዝረን፣ «ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት» ብለን አሸግነው።

በማግሥቱ በሮቤ በኩል ወደ ጎባ ወጣን። በዚያ ወዳጃችን ያመለከተን የአክስቱ ቤት ነበርና፣ እኒያ ወይዘሮ በክብር ተቀበሉን። የደረሰብንን ነግረን የታሸገውን ደብዳቤ ብናሳያቸው ፈገግ ብለው፣ «ጌታው፣ ከሳሹም እርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ ሆኑሳ! ለተከሳሹ ማን ይመስክርለት?» አሉን። ከዚያም ሁለት ብርጭቆ አስመጥተው አንዱን ከጀሪካኑ፣ ሁለተኛውን ከመኪናው ቧንቧ አስቀዱና አሽትቱ አሉን። የጀሪካኑ ውኃ ምንም ሽታ አልነበረበትም፤ የቧንቧው ግን ያው የማታው ነበር። ሁለቱም የአንድ ምንጭ ውኃ ናቸው። ወይዘሮዋም በወይራ ጢስ የታጠነውን የወተት ዕቃቸውን እያሳዩ፣ «ወተት ሲበላሽብን ላሚቱን አንወቅስም፤ ዕቃውን አጥበን እናጥናለን» አሉን። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ መጻሕፍት መርምረን፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችም ጠይቀን ያገኘነውን እነሆ እንጽፋለን።

ይህን ሽታ የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1895 ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በዴልፍት ከተማ ሲመረምር እንዳገኛቸው፣ እነዚህ ነፍሳት አየር በሌለበት ስፍራ ይኖራሉ። በውኃ ውስጥ የሟሟውን፣ ከድኝ ወገን የሆነውን ሰልፌት የሚባለውን ጨው ለኑሮአቸው ሲጠቀሙበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ የተበላሸ እንቍላል የሚሸተውም እርሱ ነው። ውኃ ሲወርድና ሲንቀሳቀስ አየር ያገኛልና አይመቻቸውም። በተዘጋ ታንከር ውስጥ ወራት ሲቆም ግን ከግድግዳው ላይ እንደ ንፍጥ ያለ ዝቃጭ ሠርተው ይባዛሉ። በዚያ ላይ ንጹሕ ውኃ ቢጨመርበት፣ ባልታጠበ ጋን ውስጥ አዲስ ጠላ እንደ መጥመቅ ነው።

ማሞቂያውም የራሱ ምክንያት አለው። በአንዳንድ ማሞቂያ ውስጥ ማግኒዥየም ከሚባል ማዕድን የተሠራ በትር ይሰካል። ይህ በትር ብረቱ እንዳይዝግ እንደ ታማኝ አሽከር ስለ ጌታው ራሱን ያስበላል። ነገር ግን ሲበላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ለእነዚያ ነፍሳት ኀይል ይሆናቸዋል፤ ለብ ያለው ውኃም ይስማማቸዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሙቁ ውኃ ከቀዝቃዛው ይልቅ ይሸታል።

እንግዲህ በፍርድ ሸንጎ ምስክሮች ለየብቻቸው እንደሚጠየቁ፣ ውኃውንም ለየብቻው መጠየቅ ይገባል። በመጀመሪያ ከምንጩ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማሽተት ነው። እንደ ተቀዳ ወዲያው የሚሸት ከሆነ ነገሩ ከምድሩ ነው፤ በባሌ ደጋ ከብት የሚጠጣቸው ሆራ የሚባሉ የማዕድን ምንጮች አሉና፣ የእነርሱ ጣዕም ከተራው ውኃ ይለያል። ከምንጩ ሳይሸት ከቀዝቃዛው ቧንቧም ከሙቁም የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የታንከሩና የመስመሩ ነው። ሙቁ ብቻ የሚሸት ከሆነ ማሞቂያውን መያዝ ነው። በብርጭቆ የተቀዳው ውኃ ከመኪናው ውጭ ሲሸተት ደኅና ሆኖ መኪናው ውስጥ ብቻ ሽታ ካለ ግን ውኃው ነጻ ነው፤ ሽታው ከማጠቢያው ገንዳ በታች ካለው ከቆሻሻ ውኃ መያዣ የሚወጣ ነው። በገንዳው ሥር ያለው ሲፎን የሚባለው ጥምዝ ቧንቧ በውስጡ በሚቀመጠው ጥቂት ውኃ የቆሻሻውን ጋዝ ያግዳል። መኪናው ብዙ ቀን ሲቆም ያ ውኃ ይደርቅና በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ መያዣውን ደፍቶ ማጠብና በገንዳው አንድ ብርጭቆ ውኃ ማፍሰስ ይበቃል።

የታንከሩና የመስመሩ መድኃኒት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ማሞቂያውን አጥፍቶ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤ ከዚያም ፓምፑን አጥፍቶ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ የታመቀውን ኀይል ካስወጡ በኋላ፣ ከታንከሩም ከማሞቂያውም ያለውን ውኃ ጠብ ሳያስቀሩ መድፋት ነው። የውኃ ማጣሪያ ካለ አውጥቶ ለብቻው ማኖር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ሽቶና ቀለም ያልገባበት በረኪና መውሰድ ነው። ከመቶው አምስት እጅ ክሎሪን ያለበት ከሆነ፣ ለ100 ሊትር ታንከር 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ይህንንም አስቀድሞ በባልዲ ውኃ በጥብጦ ማፍሰስና ታንከሩን እስከ አፉ መሙላት ነው። በረኪና ሲከርም ኀይሉ ይደክማልና አሮጌውን አትመኑት።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም፣ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ድረስ ከፍቶ መዝጋት ነው። ከዚያ ማሞቂያው ሳይበራ ሌሊቱን 12 ሰዓት ያህል እንዲቆይ መተው ነው።

አራተኛ፤ በማግሥቱ ሁሉን ደፍቶ፣ በንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ማለቅለቅ ነው። ውኃ የሚሞላበት ጎማም አብሮ ይታጠብ፤ ታንከሩን አጽድቶ ጎማውን መርሳት በር ዘግቶ መስኮት እንደ መክፈት ነው።

አምስተኛ፤ ሙቁ ውኃ እንደ ገና ቢሸት ያን የማግኒዥየም በትር በአሉሚኒየምና በዚንክ በተሠራ መለወጥ ይረዳል። ይህን ግን መኪናውን የሠሩት ሰዎች የጻፉትን መጽሐፍ ተመልክቶ፣ በዐዋቂ እጅ ማሠራት ይሻላል።

በዚህ ሥራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ሽታው ቶሎ ይጥፋ ብላችሁ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋራ ከቶ አትደባልቁ፤ ከሁለቱ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው። በጠባብ መኪና ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይከፋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እንጨምር። የሚሸት ውኃ ሁሉ ገዳይ አይደለም፤ የማይሸት ውኃም ሁሉ ጤና አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1854 በሎንዶን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም በሽታው ከብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ የሚመጣ መሆኑን ተከታትሎ ደረሰበት። ከዚያ ሰፈር ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት የዚያን ፓምፕ ውኃ ጣዕሙን ስለ ወደደችው በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ነበርና፣ በዚያው በሽታ ሞተች። አፍንጫና ምላስ ጥሩ ምስክሮች ቢሆኑም ዳኞች አይደሉም። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆነውን ውኃ ማፍላት፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለውን መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ መጨመር ይገባል።

ማፍላቱም በደጋ አገር ልዩ ሥርዐት አለው። ሮቤ ወደ 2,500፣ ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውኃውም ሳይግል ይፈላል። በሳነቴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ እንዲፈላ የጤና ሊቃውንት ያዝዛሉ። በሳነቴ ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋ ብርድ ነውና፣ በዚያ የሚያድር ሰው ቧንቧው እንዳይፈነዳ መስመሩን ባዶ አድርጎ ይደር።

የታጠበበትን የበረኪና ውኃና የገንዳውን እድፍ ግን በወንዝ ዳር መድፋት ነውር ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው፤ በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም በዚያ ይኖራል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ ከገናሌ ጋራ ተገናኝቶ፣ ጁባ ተብሎ እስከ ሶማሊያ ይወርዳል። እንግዳ በላይ የደፋውን ታች ያለ ልጅ ይጠጣዋልና፣ እድፉን ይዞ እስከ ከተማ ማድረስና በተገቢው ስፍራ ማፍሰስ የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

ይህ ምክር ካምፐር ላላቸው ብቻ አይደለም። በየቤታችን ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ሮቶ፣ በየጓዳው የሚከርመው በርሜልና ጀሪካን፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ለመስክ ሥራ ይዞት የሚወጣው የውኃ ዕቃ ሁሉ ሕጉ አንድ ነው። የማትጠቀሙበትን ዕቃ ባዶ አድርጋችሁ፣ አድርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከመሙላታችሁ በፊትም እጠቡ።

በጎባ ሁለት ቀን ሰንብተን መኪናውን እንደ ተባለው ካጸዳን በኋላ ወደ ዲንሾ ተመለስን። የታሸገውን ደብዳቤ ቀድደን በእሳት ጣልነው። ታንከሩንም ከዚያው ምንጭ ሞልተን ያን ሽማግሌ አስፈልገን አስጠራናቸው። ሲመጡ ከመቀመጫችን ተነሥተን፣ «አባታችን፣ የሸተተው የእርስዎ ውኃ ሳይሆን የእኛ ዕቃ ነበረ፤ ይቅር በሉን» አልናቸው። ባለቤታችንም ከዚያ ውኃ ያፈላችውን ቡና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። እርሳቸውም ስኒውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው አሸተቱና፣ «አሁን የልጆቼን ውኃ ሸተተኝ» ብለው ጠጡ።

አንባቢዎቻችንም እንግዳ በሆናችሁበት አገር አንዳች ነገር ቢከፋባችሁ፣ ባለ አገሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ይዛችሁት የመጣችሁትን ዕቃ መርምሩ እንላለን።