የተሠራው ሁሉ በየማሽኑ ይፈተን

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩበት በጋፋት አቅራቢያ፣ በደብረ ታቦር ከተማ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ወጣቶች የኮምፒዩተርን ጥበብ ሲማሩ ማየት ልብን ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ የሠሩት ፕሮግራም በየማሽኑ ሳይፈተን ለሕዝብ እንዳይሰጥ ማሳሰብ ግዴታችን ነው።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መስፈርት ሦስተኛ እትም ውስጥ ቢገባም፣ በሊኑክስ ያለ እንከን የሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ፕሮግራሙ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የዩኒኮድ አጻጻፍ በግልጽ ካልጠየቀ በዊንዶውስ ላይ ትርጉም አልባ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም ሊኑክስ በፋይል ስም ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ሲለይ፣ ዊንዶውስና ማክ እንደ ልማዳቸው አይለዩምና፣ በአንዱ ዘንድ የተገኘው ፋይል በሌላው ዘንድ ሊታጣ ይችላል።

የዚህ ደዌ ፈውሱ፣ ለውጥ ወደ ኮዱ ማኅደር በገባ ቁጥር ፕሮግራሙን በሦስቱም የኮምፒዩተር ሥርዓት እንደ አዲስ የሚገነባውና የሚመረምረው ኮንቲኒዩየስ ኢንተግሬሽን ነው። የኮድ ማኅደር አገልግሎት የሚሰጠው ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለዚሁ አገልግሎት የሚሆኑ ማሽኖችን ኮዳቸው ለሁሉ ክፍት ለሆነ ፕሮጀክቶች ያለ ዋጋ ስለሚያቀርብ፣ ማክ ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪም ሥራውን በማክ ለመፈተን ይችላል፤ ከባዱ ድካም የሚፈጸመው በሩቅ ማሽን ስለሆነ፣ ተማሪው ጥቂቱን ለውጥ ከላከ በኋላ መብራት ቢጠፋ እንኳ ፍተሻው አይቋረጥም።

ስለዚህ መምህራን የመመረቂያ ሥራ ሲመዝኑ፣ ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒዩተር መሥራቱን አይተው ብቻ ሳይረኩ፣ በሦስቱም ሥርዓት ፈተናውን ያለፈበትን መዝገብ ይጠይቁ፤ ሕዝብ የሚታመንበት ጥበብ በምርመራ የጸና ሊሆን ይገባዋልና።