የሚታመን የሕንፃ ምስል፦ ከሆሳዕና ፀሐይ መነሣት

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ አንድ ሕንፃ መሠረቱ ሳይቆፈር አስቀድሞ በምስል ይታያል። በባለሙያዎች ዘንድ ሬንደር፣ በባለቤቶች ዘንድ ደግሞ ስሪዲ የሚባለው ይህ የውጭ ገጽታ ምስል በግንባታው አጥር ላይ ይሰቀላል፤ በስልክም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በዚህ አካባቢ ምስሉ የተለየ ክብደት የሚያገኝበት ምክንያት አለ። ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል፤ ከሚልኩት ገንዘብ ከፊሉ በትውልድ ከተማቸው ቤትና የንግድ ሕንፃ ሆኖ ይቆማል። ጆሃንስበርግ ተቀምጦ የሚያስገነባ ሰው ቦታውን በየጊዜው እየተመላለሰ ሊያይ አይችልም፤ የወለል ፕላን ማንበብም ሙያው ላይሆን ይችላል። የሚያየውም የሚወስንበትም ምስሉን ነው። በመሆኑም የምስሉ እውነተኝነት የውበት ብቻ ሳይሆን የመታመን ጉዳይ ነው።

ስለ እውነተኝነት ሲነሣ ግን ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሣሪያ ያደላል፤ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል፣ ምን ያህል ኃይል ያለው ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል የሚለው ይቀድማል። ይህ አቅጣጫ ዋናውን ችግር ይስታል። ብርሃን ከገጽ ወደ ገጽ እየነጠረ የሚሄድበትን መንገድ በአንድ ቀመር ያጠቃለለውን ጥናት ጄምስ ካጂያ ያሳተመው በ1986 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ በስቱዲዮ የሚሠራባቸው እንደ ቪ-ሬይ ያሉ ፕሮግራሞች የዚያን ቀመር መልስ እጅግ በቀረበ ግምት ያሰላሉ። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ምስሉ የማያሳምነው፣ ለፕሮግራሙ የተሰጠው መረጃ የሌላ አገር በመሆኑ ነው። የጎደለው ቴክኖሎጂው ሳይሆን ስፍራው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የምትነሣው ፀሐይ ናት። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዱራሜም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህም የተነሣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 1 እና ነሐሴ 28 ገደማ፣ በቀትር በአናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ የምትገኘው በስተሰሜን ነው። ስኬችአፕ ግን ቦታው ካልተገለጸለት ለረጅም ዓመታት ጥላን ያሰላ የነበረው በ40 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለችውን የአሜሪካዋን ቦልደር ከተማ መነሻ አድርጎ ነው። ልዩነቱን በ10 ሜትር ምሰሶ መለካት ይቻላል። ታኅሣሥ 12 ገደማ በቀትር የምሰሶው ጥላ በቦልደር 20 ሜትር ሲደርስ በሆሳዕና 6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰኔ 14 ገደማ የጥላው ርዝመት በሁለቱም ከተሞች 3 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ነገር ግን በቦልደር ወደ ሰሜን፣ በሆሳዕና ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሰዓቱም ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያ ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ሆሳዕና ከ38 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለባለቤቱ ትርጉም አላቸው። በምስሉ ላይ ሁልጊዜ ጥላ ሆኖ የታየው የሰሜን በረንዳ በግንቦት፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ የቀትር ፀሐይ ይመታዋል። ከአናት የምትወርደው ፀሐይ የጣሪያውን ክፈፍና የበረንዳውን ጥላ በግድግዳው ላይ ወደ ታች ታስረዝማለች፤ ከሌላ አገር በተወሰደ ብርሃን የተሠራ ምስል ይህን አያሳይም። እንግዲህ የተሳሳተ ፀሐይ ምስሉን ከማበላሸት አልፎ ጥላ ሰጪው የቱ ጋ መቀመጥ እንዳለበት የሚሰጠውን ውሳኔ ያሳስታል።

ሁለተኛው ጉዳይ መሬቱና የሕንፃው ገጽ ነው። በክረምት ዝናብ ከቀይ አፈር ላይ የሚፈናጠረው ጭቃ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ያቀላዋል፤ ከመስኮት ደፍ ሥር የውኃ መውረጃ ምልክት ይቀራል፤ በአሉኮቦንድ መጋጠሚያዎች ላይ አቧራ ይጠራቀማል። ነጭ ቀለምም የወደቀበትን ብርሃን ሁሉ አይመልስም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ፍጹም ነጭ የተደረገ ግድግዳ ፕላስቲክ የሚመስለው ለዚህ ነው። መስታወት የሚያንጸባርቀው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ በሆሳዕና ይህ ሰማይና የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ እንጂ የሌላ ከተማ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አይደለም። በጓሮው ከተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት የወጣ ዘንባባ ከሚተከል ይልቅ ብርሃን በቅጠሉ ውስጥ የሚያልፍበት እንሰት ቢቆም፣ ምስሉ የት እንዳለ ያለ ጽሑፍ ይናገራል።

የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጭቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታይበትን ምስል የሚወድ ደንበኛ እንደማይገኝ፣ ምስሉም ተስፋን ማሳያ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ የሚናገሩ ባለሙያዎች ይኖራሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው አልበርቲ አርክቴክት ሐሳቡን በሠዓሊ ጥላና ማሳመሪያ ሳይሆን በትክክለኛ ልክ እንዲያቀርብ አሳስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ምስልን መተው ዛሬ አይቻልም፤ የራቀው ባለቤት ሌላ መስኮት የለውም። ማስዋብም በራሱ ነውር አይደለም፤ ጥሩ የጧት ብርሃን መምረጥ የባለሙያው መብት ነው። ነውሩ በዚያ ስፍራ ከቶ ሊኖር የማይችል ብርሃን መምረጥ ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በስቱዲዮ የሚቀርብ እያንዳንዱ የውጭ ገጽታ ምስል የቦታውን ኬክሮስ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በግርጌው ቢይዝ፣ ቢያንስ አንዱ ምስል በመንገድ ላይ ከቆመ ሰው የዓይን ከፍታ ቢሠራ፣ ከበጋው ምስል ጎን የክረምት ምስል ቢቀርብ፣ ምዘናውም ከድምቀት ወደ ታማኝነት ይዞራል። ሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ እንደ መሆኗ፣ የአካባቢውን አፈር፣ ኮብልስቶን፣ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍና እንሰት በፎቶ እየሰበሰቡ ለስቱዲዮዎች የሚሆን የጋራ ክምችት ማዘጋጀት ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው።

የሬንደር የመጨረሻ ፈተና በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አይካሄድም። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ከስደት ተመልሶ በሕንፃው ደጃፍ ሲቆም፣ ስልኩን አውጥቶ ምስሉን ከግድግዳው ጋር ሲያስተያይ ይካሄዳል። በዚያች ሰዓት ምስሉና ቤቱ በአንድ ፀሐይ ሥር ካሉ፣ ባለሙያው የተጣለበትን አደራ ተወጥቷል።